ለራሷ በቋንቋዋ ተነግሯታል

ደረቴ ላይ የማንጠለጥለውን የክሊኒክ መታወቂያ ለጸሐፊዋ ያስረከብኩት ባለፈው ረቡዕ ነው። ኬክ ቆረጡልኝ። ስሜን ኬኩ ላይ ሲጽፉት አንድ ፊደል ጎድሎበት ነበር፤ ሃያ ዓመት የሠራሁበት ቤት መሆኑ ነው። ልጆቹ ነርሶች አብረውኝ ፎቶ ተነሡ፣ የክሊኒኩ ባለቤት በስልክ መረቀኝ፣ እኔም ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ተሰርዞ ለመጨረሻ ጊዜ ከሀገሩ የምወጣበትን ወረቀት ፈርሜ እዚሁ ጂዳ ወደ ኑዝላ ሰፈር፣ የእህቴ ልጅ ቤት መጣሁ። ቲኬቴ እስኪቆረጥ እዚሁ ነኝ።

ለእኛ እዚህ ጡረታ የሚባል ነገር የለም። ጉልበት ሲያልቅ ወረቀቱም ያልቃል፣ ሻንጣ መሸከፍ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ምን ስትሠሪ ኖርሽ ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ የሰው አንገት ሳይ ነበር። ብዙ አንገት አይቻለሁ። አሁን ቁጭ ብዬ የማስበው ግን አንዱን ብቻ ነው።

ጂዳ ስገባ ከደሴ የያዝኩት የነርስነት ዲፕሎማ ነበረኝ። መጀመሪያ በግዳዲያ በሚባል ሰፈር፣ ደረጃው በሚያንሸራትት ሕንፃ ላይ ባለች ጠባብ ክሊኒክ ቁስል ሳጥብና መርፌ ስወጋ ሁለት ዓመት ቆየሁ። አለቃዬ ጥጡን ቆልፋ የምታስቀምጥ ሴት ነበረች፤ ስለ እሷ ይህ ይበቃል። ከዚያ ሸረፊያ ያለ ተለቅ ያለ ክሊኒክ የሐበሻ ሴቶች ስለበዙበት አማርኛም አረብኛም የምታውቅ ነርስ ፈለገና ወሰደኝ። የተመደብኩት አልትራሳውንድ ክፍል፣ ከዶክተር አብዱልራሂም ጋር ነው።

ዶክተር አብዱልራሂም ሱዳናዊ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲቆጣ እንኳ ድምፁ የማይሰማ ሰው። ሆድም ኩላሊትም ወደ እሱ ይመጣል፤ የሚወደው ግን አንገት ነበር። በሽተኛዋ አልጋ ላይ ከመውጣቷ በፊት ወንበር ላይ ያስቀምጣታል። እኔ ሻርፗን እፈታለሁ፣ ብርጭቆ ውሃ እሰጣትና «ዋጪ» እላታለሁ። ስትውጥ እብጠቷ አብራ ከፍ ዝቅ ካለች ከታይሮይድ ዕጢ ናት ማለት ነው። ከዚያ ከኋላዋ ቆሞ በጣቶቹ ጫፍ ይዳስሳል፤ ዓይኑን ይጨፍናል። ማሽኑ ከዚያ በኋላ ነው የሚበራው። ጄሉን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ አሞቀዋለሁ፤ ቀዝቃዛ ጄል ያረፈበት አንገት ይኮማተራል። ትራሱንም ከአንገት ሥር ሳይሆን ከትከሻ ሥር አድርጊ ብሎ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ያኔ አንገት ራሱን ወደ ላይ ይሰጣል።

ሥራዬ ባይሆንም ማንበብ አስተማረኝ። «አብዛኞቹ ምንም አይደሉም» ይለኝ ነበር። «ሰውን አታስደንግጪ፣ ግን ደግሞ አታታልዪ።» ጥቁር፣ ጥርት ያለች፣ ውሃ የቋጠረች ከረጢት ከሆነች ትቀዳለች፣ ወይም እንዲያው ትተዋለች። እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት ከሆነች በየዓመቱ እየመጡ ማየት ነው። የሚፈራት ሌላዋን ነው፤ ጠቆር ያለች፣ ዳሯ የተበላ፣ ከስፋቷ ቁመቷ የሚበልጥ፣ ውስጧ የጨው ፍሬ የመሰሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች የተበተኑባት። ለእሷ መርፌ ያስፈልጋል። መርፌው ቀጭን ነው፤ ስኳር ያለበት ሰው በየቀኑ ከሚወጋው ብዙ አይበልጥም። በሽተኛዋ አትውጥም፣ አትናገርም፣ እኔ እጇን እይዛለሁ። የወጣችውን ጠብታ መስታወት ላይ አድርጌ በሌላ መስታወት አንዴ ብቻ እስባታለሁ፤ ሁለቴ ከሳብኳት ሴሎቹ ይፈጫሉ። ክፉ ሆኖ ከተገኘም በጊዜው ከተደረሰበት ዕጢው በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ አንዳንዷ የሚዋጥ አዮዲን ይጨመርላታል፣ ከዚያ በየጠዋቱ ምግብ ሳይቀመስ አንድ እንክብል መዋጥ ነው። ሰው በዚህ ልጅ ያሳድጋል፣ ያረጃል።

የእኛ ሴቶች ግን እንቅርትን መች እንደ በሽታ ያዩታል? ባደግኩበት የወሎ ደጋ ባልቴቶቹ አንገታቸው ላይ እንቅርት አላቸው፣ እንቅርቱ ላይ ንቅሳት አላቸው፣ ከነንቅሳታቸው ሰማንያ ዓመት ይኖራሉ። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እያልን ስንተርት እንኳ እንቅርቱን ለምደነው ነው፤ ያማረረን ጆሮ ደግፉ ነው።

ዶክተሩ አንድ ልማድ ነበረው። ምርመራው ሲያልቅ የክሊኒኩን ወረቀት ለፋይሉ ይሞላና፣ ለበሽተኛዋ ደግሞ በሌላ ነጭ ወረቀት ላይ አንገት በእስክሪብቶ ይስልላታል። ዕጢውን እንደ ቢራቢሮ አድርጎ ይስለዋል፣ እብጠቷ ያለችበትን ያጠቁራል፣ መጠኗን ይጽፋል፣ ከሥሩ ምን መደረግ እንዳለበት በአረብኛ ያስቀምጣል። ሴትዮዋ የትም ሀገር ብትሄድ ያ ወረቀት ይናገርላታል ብሎ ነው። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሮ «ጉልቲ ለሃ?» ይለኛል፤ ነገርሻት ወይ ማለቱ ነው። «አይዋ ዶክተር»፣ አዎ ካልኩት በኋላ ብቻ የመጨረሻውን መስመር ይጽፋል፦ ለራሷ በቋንቋዋ ተነግሯታል። ይፈርማል።

አንድ ጊዜ አንዲትን ሴት ሳጽናና ሰምቶኝ ስትወጣ ጠብቆ፣ «አንቺ ቧንቧ ነሽ፤ ቧንቧ ውሃውን አይጠጣም» አለኝ። ስቄ አሳለፍኩት።

ዘይነባ የመጣችው ከሰዓዳ ጋር ነው። እህትማማች ነን ቢሉም ያገናኛቸው ሐይቅ ከተማ ነው፤ የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው። ዘይነባ አርባን ያለፈች፣ ሰው ቤት ወጥ የምትሠራ፣ አፏ ዝም የማይል ጨዋታ አዋቂ ነበረች። አልጋው ላይ ተኝታ ጄሉ እስኪሞቅ፣ «ሲስተር፣ አንዴ ለልጄ ድምፅ ልላክ?» አለችኝ። ፈቀድኩላት። «ሀያትዬ፣ ተነሽ እንጂ። የሱብሒ ሶላት አለፈሽ? ቁርስ ሳትበዪ እንዳትወጪ። ማትሪኩ ደርሷል፣ ስልኩን ወዲያ በይው» አለችና ስልኩን ሆዷ ላይ አስቀመጠች። በየጠዋቱ እንዲህ ነው አለችኝ። «ልጄን ያሳደግኳት በዚህች ጉሮሮ ነው። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ አላየኋትም፤ ግን አንድ ቀን ሳልቀሰቅሳት ቀርቼ አላውቅም።»

ዶክተሩ መሣሪያውን አንገቷ ላይ አሳረፈ። እኔም ስክሪኑን አየሁ። እሱ ሳይናገር በፊት አውቄዋለሁ፤ ጠቆር ያለች፣ ዳሯ የተበላ፣ ጨው የተበተነባት። ከጎኗ ደግሞ ያበጠ ንፍፊት ነበር። እጁ ቆመ፣ ለካ፣ እንደገና ለካ። ከዚያ በአረብኛ ቀስ ብሎ እንዲህ አለኝ፤ «ካንሰር ነው ብዬ እጠረጥራለሁ በያት። እርግጠኛ የምንሆነው በመርፌ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ትምጣ። አሁን ከደረስንበት ይድናል በያት።»

አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ትርጉሙ አላቃተኝም።

እዚህ ላይ ያደግንበትን ነገር መናገር አለብኝ። እኛ ክፉ ወሬ ለባለቤቱ አንናገርም። ሰው ሲሞት መርዶው ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ተመክሮበት፣ ደጋፊ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገር። በሽታም እንደዚያው ነው፤ ዘመድ ይሰማል፣ በሽተኛው አይሰማም። በሩቅ ሀገር፣ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን የምትተኛን ሴት፣ በሥራ መሐል ፈቃድ ለምና የመጣችን ሴት፣ በጀርባዋ ተኝታ እያለች ካንሰር ልበላት? እንደ አውሬነት ታየኝ። ቧንቧው ውሃውን ጠጣው።

«ምን ይላል?» አለችኝ ዘይነባ።

«ትንሽ እንቅርት ናት። ሌላ ቀን በቀጭን መርፌ ትታያለች ነው የሚልሽ» አልኳት።

«እንቅርትማ እናቴም ነበራት» ብላ ሳቀች። «ጉልበተኛዋ እናቴ፣ ከነእንቅርቷ ነው እህል የምትፈጨው።»

ዶክተሩ የሳቀችውን ሴት አየ፣ እኔን አየ። «ጉልቲ ለሃ?»

«አይዋ ዶክተር።»

የመጨረሻውን መስመር ጻፈ፣ ፈረመ፣ ወረቀቱን በእጇ ሰጣት።

ሰዓዳን ኮሪደር ላይ ወደ ጥግ ወስጄ ሁሉንም ነገርኳት፤ አንድም ቃል አላጎደልኩም። ፊቷ አመድ መሰለ። «ሲስተር፣ እሷ ይህን ከሰማች ዛሬውኑ ነው የምትሞተው። ልጅቷ ማትሪክ ልትቀመጥ ነው። ፈተናው ይለፍና እኔ በዘዴ እነግራታለሁ። ማዳሟንም አስፈቅጄ አመጣታለሁ፤ ወላሂ» አለችኝ። እኔም «እሺ፣ ግን አትዘግዪ» አልኳት። እውነቱን ልናገርና፣ ያን ጊዜ ቅልል አለኝ። የሚገባኝን የሠራሁ መስሎኝ ምሳዬን በላሁ።

ሁለት ሳምንቱ አለፈ። ሰዓዳ ስደውልላት «ፈተናው ገና ነው» አለች፣ ቀጥላ «ማዳሟ መንገድ ሄዳለች» አለች፣ ከዚያ ስልኳ ጠፋ። ኋላ እንደሰማሁት ፖሊሶች ወረቀት የሌላቸውን ሲያፍሱ ተይዛ ወደ ሀገር ተልካ ኖሯል። ዘይነባ ክሊኒኩ ውስጥ ያስመዘገበችው ስልክ የማዳሟ ነበር፤ ብደውል «እዚህ የለችም፣ ኻላስ፣ በቃ» ተባልኩ። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስተኛውን አልሞከርኩም።

ዶክተሩ አልረሳትም። አንድ ቀን ጓንቱን እያወለቀ፣ «ያቺ ድምፅ የምትልከው ሴትዮ ለመርፌው መጣች?» አለኝ። አልመጣችም አልኩት። «ሰምታ ካልመጣች ምርጫዋ ነው» አለ። ያኔ ልነግረው እችል ነበር። አልጋው ላይ አዲስ አንሶላ አነጠፍኩና የሚቀጥለውን ስም ጠራሁ። በዓመቱ ሥራውን ትቶ ሀገሩ ገባ። አሁን ሀገሩ ጦርነት ላይ ነው፤ ስልኩ አይነሣም። ለእሱም ሳልናዘዝ ቀረሁ።

ክሊኒኩ መካ፣ አዚዚያ ላይ ቅርንጫፍ ሲከፍት እኔ እሄዳለሁ አልኩ። ከታላቁ መስጊድ ከሐረም አጠገብ ሆኜ ብሰግድ ልቤ ይረጋ ይሆናል ብዬ ነው። የመካ ሥራ ሌላ ነው፤ በሐጅ ወቅት እግሩ የተላጠ፣ ፀሐይ የመታው፣ ስኳሩ የወደቀ የዓለም ሕዝብ ሲመጣ ይዋላል። አዲሱ ሐኪም ሰው ወንበር ላይ አያስቀምጥም፣ ውሃም አያስውጥም፤ «ያላ፣ ያላ»፣ ቶሎ ቶሎ ነው። ጄሉን ማሞቄን ግን አልተውኩም።

ሦስት ዓመት ግድም አልፎ አንዲት የከሳች ሴት ገባች። ሻርፗን እስከ አገጯ ተከናንባለች። ምን ሆነሽ ብላት የወጣው ድምፅ ሳይሆን ትንፋሽ ነው። አላወቅኋትም። ከቦርሳዋ የፓስፖርት ኮፒ በያዘ ላስቲክ ውስጥ ተጣጥፎ የኖረ ነጭ ወረቀት አወጣችና ሰጠችኝ። ቢራቢሮው፣ የጠቆረችው ቦታ፣ ፊርማው፤ ዘይነባ ናት።

«ሲስተር፣ አንቺ ነሽ እንዴ?» አለች በትንፋሿ። እኔን በማግኘቷ ደስ ብሏት ነበር።

ማሽኑን ሳንነካ ብርጭቆ ውሃ ሰጠኋት። «ዋጪ» አልኳት። በግድ ዋጠች። እብጠቱ ከቦታው አልተነቃነቀም። ከአየር ቧንቧዋ ጋር ተጣብቆ ነበር። ዶክተር አብዱልራሂም ቢሆን ከዚህ በኋላ ጣቱንም ማሳረፍ አያስፈልገውም ነበር።

«ያኔ ትንሽ ናት ብለሽኝ አልነበር?» አለችኝ። ወቀሳ አይደለም፤ ነገሩ ገርሟት ነው።

«ያኔ ትንሽ ነበረች» አልኳት።

«መርፌ ያልሽኝን እኮ ሰዓዳ ግድ የለም፣ ልጅሽ ትፈተን፣ ኋላ እንሄዳለን ስትለኝ ተውኩት። የእንቅርት ነገር ነው ብዬ፣ አዮዲን ያለበትን ጨው እየበላሁ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «አላህ የጻፈው ነው። አልፍቼሽ እንደሆን አፉ በይኝ።»

እኔን ነው አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ የምትለው።

ሆስፒታል ገባች። የቻሉትን ያህል ቆርጠው አወጡ፤ ያልቻሉት ከአየር ቧንቧዋ ጋር ቀረ። አንገቷ ላይ መተንፈሻ ቀዳዳ አበጁላት፤ ከዚያ ወዲያ ትንፋሹም እንደ ቃል አልወጣላትም። ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ አጠገቧ እቀመጥ ነበር። ለልጇ በስልክ ትጽፋለች፦ ጉንፋን ጉሮሮዬን ይዞኝ ነው፣ ሲሻለኝ ድምፅ እልካለሁ። እሷም እንደ እኛው ናት፤ ክፉ ወሬ ለባለቤቱ አትናገርም። ልነግራት ስንት ቀን አፌን ከፈትኩ። በዚህ ሰዓት እውነት ምን ይሠራላታል፣ ሰላሟን ልነሣት ነው እያልኩ ዘጋሁት። የፈራሁት ለእሷ አልነበረም፤ ዓይኗ ሲለወጥብኝ ማየቱን ነው።

ሞተች። ሐረም ውስጥ ተሰገደባት። ቀብር የሄዱት ሰዎች «መታደል ነው፤ መካ ላይ መሞትን ማን ያገኛል» ተባባሉ። እኔም «አልሐምዱሊላህ» አልኩ። ልቤ ግን እሺ አላለኝም። ይህችን ሴት መካ ላይ የገደልኳት ጂዳ ላይ ሆኜ ነው።

ከእሷ በኋላ ወደ ጂዳ ተመለስኩና ሁሉንም እንዳለ መተርጎም ጀመርኩ። አንዳንዷ እየጮኸች ትወጣለች፣ አንዳንዷ «ምላስሽ ይቆረጥ» ትለኛለች። መርዶ ነጋሪዋ የሚል ስም አወጡልኝ። ለመርፌው የሚመለሱት ግን በዙ፤ ከእነሱም ዛሬ በየጠዋቱ እንክብላቸውን እየዋጡ የሚሠሩ አሉ። ተምሬያለሁ ብዬ ነበር። የዘይነባን ነገር ይህ ይከፍልልኛል ብዬም ተስፋ አድርጌ ነበር።

ባለፈው ዓርብ፣ ካርዴን ባስረከብኩ በሁለተኛው ቀን፣ የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ ሰው ይፈልግሻል» አለኝ። በሩ ላይ ጥቁር ዓባያ የለበሰች ወጣት ቆማለች። ሳትናገር አወቅኋት፤ ዓይኗ የእናቷ ነው።

«ሀያት እባላለሁ። የዘይነባ ልጅ ነኝ» አለች። ሰው ቤት ልትሠራ ከመጣች ዓመት ሆኗታል። ክሊኒኩን ጠይቃ ነው ያገኘችኝ። ሻይ ቀዳሁላት። ማዳሟ የፈቀደችላት እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ነውና ጊዜ አላጠፋችም፤ ቦርሳዋን ከፍታ ያንን ወረቀት አወጣች። የእናቷ ዕቃ ተልኮ ሲደርሳት ላስቲኩ ውስጥ አግኝታዋለች።

«አንቱ ያኔ ነበሩ አሉ። ያንብቡልኝ» አለችኝ።

መነጽሬን አደረግኩ። «ይህ አንገት ነው፤ ዕጢው ይኸ ነው። እብጠቷ በቀኝ በኩል እንደሆነች ይላል። መጠኗን ጽፏል። ቀጥሎ በመርፌ ብትታይ ጥሩ ነው ይላል» አልኳት።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ፊርማ ነው።»

ልጅቷ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች። አልተቆጣችም። ጣቷን በመስመሮቹ ላይ እያሳለፈች በቀስታ ተናገረች።

«ሸረፊያ የስልክ ሱቅ ያለው ሰውዬ አንብቦልኛል፤ እኔም አረብኛው ገብቶኛል። እዚህ ጋ ካንሰር ይጠረጠራል ይላል። እዚህ ጋ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይላል። ይቺ ፊርማው ላይ ያለችው ደግሞ ለራሷ በቋንቋዋ ተነግሯታል ትላለች።» ቀና አለች። «እናቴ አታውቅም ነበር። ብታውቅ ልጄ ፈተና አለባት ብላ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም፤ ለእኔ ስትል ትታከም ነበር። ዶክተሩ ነው የዋሸው ወይስ አንቱ?»

ስለ መርዶ ልነግራት ፈለግኩ። ስለ ሰዓዳ፣ ስለ ማዳሟ ስልክ፣ እናቷ አልጋው ላይ ሆና ለእሷ ስለላከችው ድምፅ ልነግራት ፈለግኩ።

«ዶክተሩ ዋሽቶ አያውቅም» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ወረቀቱን በድሮው እጥፋቱ አጠፈችው፣ ላስቲኩ ውስጥ መለሰችው። ሻዩን አልነካችውም። በሩ ላይ ጫማዋን እያጠለቀች፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «እናቴ መጨረሻ ላይ ስለ አንቱ ጽፋልኝ ነበር» አለች። «ብቻዬን አይደለሁም፣ ያቺ ደጓ ሲስተር በየቀኑ ትመጣለች ብላ።»

ከዚያ ወጣች።